«ዋተርፕሩፍ» ስንት ቁጥር ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት መርካቶ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ቆሜ የሰማሁት ንግግር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖኛል። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ ነጋዴ ለእሸት ቡና መረከቢያ የሚሆን ዲጂታል ሚዛን ይመርጣሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሚዛን ውኃ ይችላል?» ሲሉ ጠየቁ። ሻጩ ወጣት ለአፍታም ሳያመነታ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ዋተርፕሩፍ ነው! ባሕር ውስጥ ቢጥሉት ምንም አይሆንም» አላቸው። ነጋዴው ተከራክረው፣ ለ«ዋተርፕሩፉ» ጭምር ጨመር አድርገው ከፍለው፣ ሚዛናቸውን አሸክመው ሄዱ።

እኔ ከዚያው ዓይነት የቀረውን ካርቶን እንዲያሳየኝ ሻጩን ለምኜ ተመለከትኩ። ጎኑ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የታተመው «አይፒ 54» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ሚዛኑ የውኃ ፍንጣቂ ይችላል ይላል። በጎማ ውኃ ይታጠባል ግን አይልም፤ ባሕሩማ ይቅር። ሻጩን ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም። ቁጥሩ ምን እንደሚል እሱም አያውቅም ነበር።

በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ «ዋተርፕሩፍ» የሚባለው ቃል በገበያ ላይ አምስት ሣንቲም ሊከፈልበት አይገባም። ሊከፈልበት የሚገባው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ሳይጠይቅ የሚገዛና ቁጥሩን ሳያጽፍ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዕቃው ሳይሆን ለሻጩ አፍ ነው።

ሁለቱ አሃዞች

ደረጃው የወጣው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ ከሆነውና እ.ኤ.አ. በ1906 ከተቋቋመው የዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ነው። ዛሬ 60529 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ይህ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሏል። «አይፒ» ከሚሉት ሁለት ፊደላት ቀጥሎ ሁለት አሃዞች ይመጣሉ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ 65 ሲባል «ስልሳ አምስት» ተብሎ የሚነበብ አንድ ቁጥር አለመሆኑን ነው። «ስድስት» እና «አምስት» ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚናገሩትም ስለተለያየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው አሃዝ ስለ ጠጣር ነገርና ስለ አቧራ ነው። ከ0 እስከ 6 ይደርሳል። 1 ሲሆን 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነገር አይገባውም፤ 2 ሲሆን 12.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የሰው ጣት የሚያህል ነገር አይገባውም። 3 ሲሆን ልኩ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 4 ሲሆን ደግሞ የቀጭን ሽቦ ያህል 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 5 ማለት አቧራ ጥቂት ቢገባም ሥራውን አያውክም ማለት ሲሆን፣ 6 ማለት ከናካቴው አይገባም ማለት ነው። ፍተሻው የሚካሄደው ዕቃውን በታልክ ዱቄት በተሞላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ነው።

ሁለተኛው አሃዝ የውኃው ነው። 1 እና 2 ከላይ የሚወርድ ጠብታን ይመለከታሉ። 3 እንደ ዝናብ ገደድ ብሎ የሚወርድ፣ 4 ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ፍንጣቂ ነው። 5 ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውኃ በቧንቧ አፍ በቀጥታ ይለቀቅበታል። 6 በደቂቃ 100 ሊትር የሚያወጣ ብርቱ ውኃ ነው። 7 ዕቃውን 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መንከር ነው። 8 ከዚህ የከበደ ሆኖ ዕቃው ውኃ ውስጥ እንደተቀመጠ የሚቆይበት ነው። 9 እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገው ማሻሻያ የተጨመረ ሲሆን፣ 80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በከፍተኛ ግፊት ከቅርብ የሚረጭበት ነው። መነሻው ጀርመኖች ለተሽከርካሪዎች ያወጡት ደረጃ ነበር።

አንዳንዴ ከሁለቱ አሃዞች በአንዱ ቦታ «ኤክስ» ይታያል። ብዙ ሻጭ ይህን ልዩ ጥራት አድርጎ ያቀርበዋል። «ኤክስ» ማለት ግን በዚያ በኩል ስለ ዕቃው የተነገረ ነገር የለም ማለት ብቻ ነው። አይፒኤክስ 7 የተጻፈበት ዕቃ ስለ አቧራ ምንም ቃል አልገባም። ለሲሚንቶ መጋዘን ሊገዛው የፈለገ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

8 ከ5 ይበልጣልን?

ገበያችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይህ ነው። ሰው ቁጥር ሲያይ ትልቁ ትንሹን ያጠቃልላል ብሎ ያስባል። እስከ 6 ድረስ ሐሳቡ ልክ ነው፤ 6ን ያለፈ ዕቃ ከሥሩ ያሉትንም ይችላል። ከ7 ጀምሮ ግን ሒሳቡ ይቋረጣል። 7 ወይም 8 ያገኘ ዕቃ ብርቱ የጎማ ውኃ ይችላል ተብሎ አይወሰድም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቆመ ውኃ ዕቃውን ከየአቅጣጫው በእኩል ይጫነዋል፤ የጎማ ማሸጊያውንም ይብስ ወደ ቦታው ይገፋዋል። ከቧንቧ አፍ የሚወረወር ውኃ ግን አንዲት ቦታ ላይ ያርፋል፣ የማሸጊያውን ጠርዝ ፈልፍሎ ያነሳዋል። ስለዚህ በርሜል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተነክሮ የወጣ መሣሪያ፣ ማታ ሠራተኛው ወለሉን በጎማ ሲያጥብ ሊሞት ይችላል። ሁለቱንም ፍተሻ ያለፈ ዕቃ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍበታል፤ «አይፒ 65/67» የሚለው ጽሑፍ ትርጉሙ ይኸው ነው።

8 ደግሞ ለብቻው ሙሉ ቃል አይደለም። ጥልቀቱንና የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው አምራቹ ነው። ሁሉም በኪሱ የያዘውን የእጅ ስልክ እንውሰድ። ከአይፎን 12 ወዲህ የወጡ ብዙዎቹ አይፎኖች አይፒ 68 ሲሆኑ፣ አምራቹ የሚለው 6 ሜትር ለ30 ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ስልኮችም አይፒ 68 ናቸው፤ የነሱ ግን 1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ጥልቀቱ አራት እጥፍ ልዩነት። እንግዲህ 8 የሚል ቃል የሰማ ገዢ፣ «በስንት ሜትር? ለስንት ደቂቃ?» ብሎ ካልጨረሰ ገና ምንም አልጠየቀም።

ቁጥሩ የየትኛው ክፍል ነው?

ሌላው ወጥመድ ዕቃው ሁለትና ሦስት ክፍል ሲኖረው የሚመጣው ነው። የወለል ሚዛን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሥር ክብደቱን የሚያነበው ሎድ ሴል የሚባለው ብረት አለ፤ ከላይ ደግሞ ቁጥሩን የሚያሳየው ሳጥን አለ። ሎድ ሴሉ በአብዛኛው ጥሩ ተደርጎ የታሸገ በመሆኑ 67 ወይም 68 ሊሆን ይችላል። የላዩ ሳጥን ግን 54 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። ሻጩ የሚጠራው የቱን ይመስልዎታል? ትልቁን ነው።

የጉድጓድ ውኃ ለመስኖ የሚያወጣ የፀሐይ ኃይል ፓምፕም እንዲሁ ነው። ፓምፑ ውኃ ውስጥ የሚኖር ስለሆነ 68 ቢሆን አይደንቅም። ገበሬው ማሳ ዳር እንጨት ላይ የሚሰቀለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ግን የራሱ ቁጥር አለው፤ የሐምሌ ዝናብ የሚያገኘውም እሱን ነው። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማ ቀለበቱ በኩል እንደመሆኑ፣ መጠየቅ ያለበት የትንሹ ቁጥር ነው። የባትሪ ክዳኑ፣ የቻርጀር ቀዳዳውና ገመዱ የሚገባበት ቦታም ፍተሻው ሲደረግ ተዘግተው እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ቁጥሩ የማይናገረው

ይህ ጸሐፊ ቁጥሩን እንደ ጽላት አይቶ አይሰግድለትም። ፍተሻው የሚካሄደው በአዲስ ዕቃ ላይ፣ በንጹሕ ውኃ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ እንፋሎት፣ ዘይት፣ የሥጋ ደምና የቡና ገለፈት እዚያ የሉም። ሳሙና የገባበት ውኃ ንጹሕ ውኃ በማያልፍበት ቀጭን ስንጥቅ ሾልኮ ያልፋል፤ ጨው ያለው ውኃ ብረቱን ይበላል። ዝገት በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

በሀገራችን ደጋ አየር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀትር ላይ በፀሐይ የጋለ ሳጥን ድንገት ዝናብ ሲወርድበት ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ሳጥኑም ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው በማሸጊያው በኩል እርጥበት ይስባል። ብዙ መሣሪያ የሚሞተው ጎርፍ ገብቶበት ሳይሆን በዚህ ዓይነት ጠብታ በጠብታ ነው። የጎማ ማሸጊያም ያረጃል፣ ይደርቃል። ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ ለጥገና የተከፈተ ዕቃ፣ እንደ ፋብሪካው ተመልሶ ካልታሸገ በቀር፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእሱ ጋር የለም። ያገለገለ ስልክ በ«አይፒ 68» ስም ከአዲሱ በማይተናነስ ዋጋ የሚገዙ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ለዚህ የፍርድ ቤት ምስክር አለ። አውስትራሊያ ውስጥ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 የሳምሰንግን የአውስትራሊያ ድርጅት ከሰሰ። ማስታወቂያዎቹ ጋላክሲ ስልኮችን በመዋኛ ገንዳና በባሕር ዳር የሚያሳዩ ነበሩ። ስልኮቹ አይፒ 68 መሆናቸውን ማንም አልካደም። ክርክሩ የነበረው የቻርጀር ቀዳዳው የገንዳ ወይም የባሕር ውኃ ገብቶበት፣ ሳይደርቅ ቻርጅ ቢደረግ ሊበላሽ ይችላል በሚለው ላይ ነበር። ድርጅቱ ይህንኑ አመነ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 የ14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ወሰነበት። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው ግን አሳሳች ነበር።

የሎሚ ገበያ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ «ሎሚ» ገበያ ጽፏል። አሜሪካኖች ሎሚ የሚሉት ውጪው አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪናን ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ የያዘ ሻጭ ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ሎሚው ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ዓይነት ሥራው ነበር።

የኛ የ«ዋተርፕሩፍ» ገበያም የሎሚ ገበያ ነው። 54ም «ዋተርፕሩፍ»፣ 66ም «ዋተርፕሩፍ» ተብሎ ከተሸጠ፣ በሐቅ 66 ያመጣው አስመጪ የከፈለበትን ልዩነት የሚመልስበት መንገድ የለውም። በሚቀጥለው ዙር እሱም 54 ያመጣል። በዚህ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛው ነጋዴም ነው።

ነጋዴዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ፍሬ ቢስ አይደለም። «ደንበኛው ዋጋ እንጂ ቁጥር አይጠይቅም፤ ቁጥር ስንቆጥርለት ጎረቤት ሱቅ ገብቶ በርካሽ ይገዛል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ብቻውን ሐቀኛ የሚሆን ሰው ሊከስር ይችላል። ነገር ግን ሚዛን ለቡና ማጠቢያ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን ለመስኖ የሚገዛ ደንበኛ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ መንገደኛ አይደለም። ዕቃው ሲሞትበት ተመልሶ የሚመጣው በጩኸት ነው፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም። ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ የሚጽፍ ሻጭ ጸቡንም አብሮ ይቀንሳል፤ ገዢው 54 ገዝቶ በጎማ ቢያጥበው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራልና።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ሲደነግግ፣ ገዢውም ዕቃውን ፈጥኖ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዳኛ ፊት ግን «ዋተርፕሩፍ ብሎኝ ነበር» ማለትና «አይፒ 65 ተብሎ ተጽፏል» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ፕሮፎርማው ላይ

ዋናው ጉዳይ ያለው አስመጪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤልሲ የሚከፍት ሰው አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። ፕሮፎርማው «ውኃ የማይገባው ሚዛን» ካለና ላኪው ያንኑ ቃል ኢንቮይሱ ላይ ከጻፈ ሰነዱ ተስማማ፤ ባንኩም ይከፍላል። ዕቃው በመጀመሪያው ክረምት ቢሞት ባንኩን የሚመለከተው ነገር የለም።

ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ለየብቻው። ሁለተኛ፣ 8 ከሆነ ጥልቀቱና ጊዜው። ሦስተኛ፣ ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል በአይኤስኦ 17025 መሠረት ብቃቱ የተመሰከረለት ላቦራቶሪ የሰጠው፣ የዚያኑ ሞዴል ቁጥር የያዘ የፍተሻ ውጤት አብሮ እንዲመጣ። ይህ ሦስተኛው ነጥብ ላኪውን ሊያስነጥሰው ይችላል። የሚያስነጥሰው ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣ ማወቁ ይሻላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ለተሳሳተ ዕቃ የወጣ ዶላር ዛሬ በብር ሲመነዘር ሕመሙ እጥፍ ሆኗል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው 68 ይግዛ ማለት አይደለም። ቢሮ ውስጥ ለሚቀመጥ መሣሪያ 20 በቂ ነው። አቧራና ፍንጣቂ ላለበት ከጣሪያ ሥር ላለ ቦታ 54 ይበቃል። በጎማ ለሚታጠብ ቦታ 65 ወይም 66 ያስፈልጋል። ውኃ ውስጥ ሊወድቅ ለሚችል 67፣ ውኃ ውስጥ ለሚኖር 68 ነው። በሙቅ ውኃና በግፊት ለሚጸዳ እንደ ቄራና ወተት ማቀነባበሪያ ላለ ቦታ 69 ይፈለጋል። ደረቅ መጋዘን ውስጥ ለሚቀመጥ ሚዛን በውጭ ምንዛሪ 68 መግዛት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የእሸት ቡና ነጋዴው ነገር አሁንም ያሳስበኛል። የተለቀመ እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ጥራቱ ይወርዳል፤ በርክክቡ መሐል ሚዛን ቢሞት የሚከስረው የሚዛኑ ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጠቢያ ጣቢያ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ውኃ የማይለየው ቦታ ነው። ሆኖም የገዙት ሚዛን መጥፎ አይደለም። ከጣሪያ ሥር ቢያኖሩት፣ ወለሉ በጎማ ሲታጠብ ቢያነሱት፣ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ቢጠርጉት ሊያገለግላቸው ይችላል። ይህን ለማወቅ ይበቃቸው የነበረው ካርቶኑን አዙረው ሻጩን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበር፦ «ልጄ፣ ዋተርፕሩፉስ ይሁን፤ ስንት ቁጥር ነው?»